ጺም፣ ጎጆና ጭንቅላት

(በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለጽሑፍ እንዲመች ጥቂት ብቻ ተነካክቷል።)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ክፍት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ቁጭ በሉ። አትፍሩ፣ "ተነስተህ መልስ" የሚል የለም። እኔ መጠየቄ አይቀርም፣ ግን ማርክ የለውም።

አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ፖለቲካ መሪዎች ትናገርልናለህ" ሲሉኝ ደንገጥ ብዬ ነበር። "አይ፣ ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ሰው ይሳቅ ብለን ነው" አሉኝ። ተረጋጋሁ። ስለዚህ ዛሬ ፖሊሲ የለም። በጀት የለም። ማን ልክ ነበር፣ ማን ተሳሳተ፣ እሱም የለም። ዛሬ የማወራው ሁለት ሦስት ሆነን ስንቀመጥ ስለምናነሳው ነገር ነው። "የዚህን ሰውዬ ከረባት ማነው የመረጠለት?" "እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" "የምር ግን ይሄ ሰው ጭንቅላት አለው?" ሐሜት ነው? አዎ፣ ሐሜት ነው። ግን ታሪክ የተደገፈ ሐሜት ነው።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የመረጠውን ፓርቲ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ እጁን ያውጣ። ... አንድ። ሁለት። አንተ እጅህን አውርድ፣ አውቅሃለሁ። አያችሁ? የምንመርጠው ወረቀት አንብበን አይደለም። ፊት አይተን ነው። ድምፅ ሰምተን ነው። "ይሄ እንኳን እኛን ይመስላል" ብለን ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ መልክ፣ ሁለተኛ አስተዳደግ፣ ሦስተኛ ጭንቅላት። በሦስቱም ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ያልተመቸው ሰው በሩ ክፍት ነው። መሪዎችን "አስመሳዮች ናቸው" እያልን እናማቸዋለን። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሜትሩ የሚዞረው በማን ወገብ ላይ ነው? በሰፊው ወገብ ነው? በደንበኛው ነው እንጂ! የመሪ ምስልም የሚሰፋው በእኛ ልክ ነው። ጠበበ፣ ሰፋ ብለን ብንጮህ ልኩን የሰጠነው እኛው ነን።

አንድ ማሳሰቢያ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የማነሳቸውም ሰዎች የሩቅ ሰዎች ናቸው። የሩቅ ሰው ማማት ለጤናም ጥሩ ነው።

በመልክ እንጀምር።

ጊዜው ኦክቶበር 1860 ነው። አሜሪካ ምርጫ ደርሷል። ዕጩው አብርሃም ሊንከን ነው። ረጅም ነው፣ 193 ሴንቲ ሜትር። ከሲታ ነው። ጉንጩ ጎድጉዷል። ግሬስ ቤዴል የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ደብዳቤ ጻፈችለት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ፊትህ በጣም ቀጭን ነው፤ ጺም ብታሳድግ ያምርብሃል፤ ሴቶች ጺም ይወዳሉ፤ ባሎቻቸውን እየነዘነዙ አንተን ያስመርጡልሃል። ልብ በሉ፣ ያኔ ሴቶች ድምፅ መስጠት አይችሉም። ልጅቷ ግን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ገብቷታል! ሊንከን መልስ ጻፈላት። እስከ ዛሬ ጺም ኖሮኝ አያውቅም፤ አሁን ብጀምር ሰዉ ቅብጠት ነው አይለኝም ወይ አላት። እንዲህ ብሎ ሲያበቃ አሳደገው። እርግጥ ምርጫውን ያሸነፈው ጺሙ ሳይደርስለት ነው። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ ባቡሩ እሷ የምትኖርበት ከተማ ቆመ። አስጠርቶ አገኛት፣ ጺሙንም አሳያት። ዛሬ ሊንከንን ያለ ጺም የሚያስብ ሰው አለ? ሐውልቱ ባለ ጺም ነው፤ አምስት ዶላሩም ላይ ባለ ጺም ነው። የምስል አማካሪዎች በሰዓት የሚያስከፍሉትን ሳስብ፣ ይህች ልጅ በአንድ ቴምብር ጨርሳዋለች።

ናፖሊዮንንም ታውቁታላችሁ፤ ሥዕሉን ማለቴ ነው። ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሳለው። ፈረሱ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ ካባው በነፋስ ይውለበለባል፣ ጣቱ ወደ ተራራው ይጠቁማል። አልፕስን እየተሻገረ ነው። እውነቱ ምንድን ነው? በ1800 ያንን ተራራ የተሻገረው በበቅሎ ነው። በመሪ የምትሳብ ደህና፣ ረጋ ያለች በቅሎ። ያስኬዳል? ለተራራ አዎ፣ ለግድግዳ ግን አይሆንም። ሠዓሊው "እባክህ ቁጭ በልልኝ" ቢለው ናፖሊዮን እምቢ አለ። የታላላቅ ሰዎች ሥዕል እነሱን ይምሰል አይምሰል ማንም አይጠይቅም አለ። ስለዚህ ዳቪድ ልጁን መሰላል ላይ ሰቅሎ እሱን እያየ ሳለ ይባላል። ያ ያስፈራን አቋም እንግዲህ የሠዓሊው ልጅ አቋም ነው። "አጭር ነበር" የሚባለውም ቢሆን የጠላት ወሬ ነው። ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለዘመኑ ፈረንሳዊ ደህና ቁመት ነው። ያሳጠሩት የእንግሊዝ ካርቱን ሣዮች ናቸው። በጦር ሜዳ አልቻሉትም፣ በእርሳስ ቆረጡት።

ይህን ስናገር እኔ ራሴ ያየሁት ነገር ትዝ ይለኛል። ወጣት ሳለሁ አንድ ጋዜጣ የፎቶ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ መምረጥ ነው። አንድ መሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር ፎቶ አንሺው ክምር ፎቶ ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ እደረድራቸዋለሁ። በአንዱ ሰውዬው ቀና ብሎ ሩቅ ያያል፤ ነቢይ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓይኑን ጨፍኗል፤ የተኛ ይመስላል። በሌላው አፉ ግማሽ ተከፍቷል፣ ጣቱ አፍንጫው አጠገብ ደርሷል፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሰውዬው ያው ነው። ንግግሩ ያው ነው። በፎቶዎቹ መሃል ያለው ልዩነት የዓይን ጥቅሻ ነው። ታዲያ ዋና አዘጋጃችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይመጣና፣ ፎቶዎቹን ሳያይ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ "ከሰውዬው ጋር ነን ወይስ ተጣልተናል?" ነቢዩ ወይም የተኛው የሚወጣው በዚህ መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም መሪ ፎቶ አይቼ "አይ ደደብ" ብዬ አላውቅም። "ማን መረጠው?" ነው የምለው።

ስለ ቴሌቪዥን ካላነሳሁ ደግሞ ትቆጡኛላችሁ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960፣ ቺካጎ። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ኬኔዲና ኒክሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። ወደ 70 ሚሊዮን ሰው አየ። ኒክሰን ጉልበቱ አመርቅዞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር የወጣው። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ሜካፕ ሲባል እምቢ አለ፤ ጺሙ ላይ ዱቄት ነገር ብቻ አስነካ። በመብራቱ ሙቀት ያ ዱቄት ከላብ ጋር ምን እንደሠራ ገምቱት። ኬኔዲ ደግሞ ፀሐይ ሞቆ፣ ቀልቶ፣ አምሮበት መጣ። በሬዲዮ የሰሙት "ኒክሰን አሸነፈ" አሉ የሚባለውን ሰምታችሁት ይሆናል። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ግን ወሬው ለምን እንደሚጥመን አስቡት። "ጆሮ ብልህ ነው፣ ዓይን ሞኝ ነው" ማለት እንወዳለን። እያየን!

አክስቴ ግን በዚህ አትስማማም። እሷ ዜና የምታየው ድምፁን ዘግታ ነው። የምሬን ነው። ሪሞቱን ትይዝና ጸጥ ታደርገዋለች። "እትዬ፣ ለምን?" ስላት፣ "አፋቸውን ተለማምደውታል፤ ትከሻቸውን ግን አልተለማመዱትም" አለችኝ። ከዚያ ትፈርዳለች። "ይሄ ፈርቷል።" "ይሄ ውሸቱን ነው፤ ውሃውን እየው፣ ሳይጠማው ይጠጣል።" "ይቺ ተኝታ አላደረችም።" ስቄባት ነበር፤ በኋላ አንድ ጥናት ሳነብ ሳቁ ቀረብኝ። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ5 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ልጆችን ሰበሰቡና ሁለት ሁለት ፎቶ አሳዩአቸው። "በመርከብ ሩቅ ልትሄዱ ነው፤ ካፒቴናችሁ ማን ይሁን?" አሏቸው። ልጆቹ ያላወቁት ነገር፣ ፎቶዎቹ በፈረንሳይ የምክር ቤት ምርጫ የተወዳደሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ከመቶ 71 ጊዜ ያህል የመረጡት ምርጫውን ያሸነፈውን ሰው ነው። ፕሮግራም አላነበቡም። ክርክር አልሰሙም። አንዳንዶቹ ገና ጥርሳቸውን እየቀየሩ ነው። እና የፈረንሳይን ሕዝብ ምርጫ ገመቱት! እዚህ ላይ ልጆቹን እናድንቅ ወይስ በአዋቂዎቹ እንዘን?

ሴት መሪዎች ላይ ደግሞ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ነው የሚዞረው። የእንግሊዟ ማርጋሬት ታቸር "ድምፅሽ ይሰቀጥጣል" ተባለች፤ አሠልጣኝ ቀጥራ ድምፅዋን ወደ ታች አወረደችው። "ድምፅህን አቅጥን" የተባለ ወንድ መሪ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የጀርመኗ አንጌላ ሜርክል ደግሞ እጇን የት እንደምታደርገው ጨነቃት። ጣቶቿን ሆዷ ላይ አገጣጥማ እንደ ሰያፍ ካሬ ያዘቻቸው፤ ቀላል መፍትሔ ነበር። በ2013 ፓርቲዋ በርሊን ላይ ያንን እጅ ብቻ ሕንፃ የሚያክል ፖስተር አድርጎ ሰቀለው። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ! ሰዉም አወቃት።

መልክን በሁለት ቆብ ልዝጋው። 1979፣ ቴክሳስ። የቻይናው ዴንግ ሺያዎፒንግ አሜሪካን እየጎበኘ ነው። ኮሚኒስት ነው፣ አጭር ነው፣ 74 ዓመቱ ነው። የፈረስ ትርዒት ሊያይ ገብቶ ትልቅ የካውቦይ ባርኔጣ ሰጡት። አደረገው። ባርኔጣው ጆሮው ድረስ የሚወርድ ይመስላል፤ እሱ ግን ፈገግ አለ። አሜሪካኖቹ ወደዱት። አሁን ደግሞ 1988፣ ሚሺጋን። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ማይክል ዱካኪስ "ለመከላከያ ጉዳይ ልስልስ ነህ" ተብሎ ነበርና ታንክ ላይ ወጣ። ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ የታንከኛ ቆብ፣ ከታች ከረባት። ጋዜጠኞቹ ሳቁ። ተቃዋሚው ፊልሙን ወስዶ ማስታወቂያ ሠራበት። የሚገርመው ዱካኪስ በወጣትነቱ ኮሪያ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ነው! የካውቦይ ባርኔጣው ለዴንግ ከሞላ ጎደል ቀልድ ነበር፤ ቀልድ መሆኑንም ያውቃል። ዱካኪስ ግን ቆቡን የምር አደረገው። የምር ሲሆን ነው የሚያስቀው። ፑቲንም በ2011 ጥቁር ባሕር አጠገብ ጠልቆ በሁለት እጁ ሁለት ጥንታዊ እንስራ ይዞ ብቅ አለ። ከወራት በኋላ ቃል አቀባዩ ራሱ አመነ፤ እንስራዎቹ ቀድመው የተገኙና እዚያ የተቀመጡ ነበሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወደ ሁለተኛው። አስተዳደግ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የፖለቲካው ጅብ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የራሱን ቁርበት ጠቅልሎ ደብቆ፣ "አይ፣ እኔ መሬት ላይ ነው ያደግኩት" ይላል።

ማስረጃዬ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ነው። 1840፣ አሜሪካ። አንድ የተቃዋሚ ጋዜጣ ሊሰድበው ፈልጎ "ለዚህ ሽማግሌ አንድ በርሜል የፖም መጠጥና ጡረታ ስጡት፤ በግንድ ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀሪ ዕድሜውን ይጨርሳል" ዓይነት ነገር ጻፈ። የሃሪሰን ሰዎች ስድቡን አነበቡና ምን አሉ? "እግዜር ይስጥልን!" ጎጆና በርሜል የዘመቻው ዓርማ ሆኑ። በሰልፍ ላይ ጎጆ በጋሪ እየተጎተተ ዞረ። መጠጡም በነፃ ተቀዳ። ሃሪሰን የሕዝብ ልጅ፣ የጎጆ ልጅ ተባለ። አሁን እውነቱን ስሙ። የተወለደው ቨርጂኒያ ውስጥ ትልቅ እርሻ ያለው ባለጸጋ ቤት ነው። አባቱ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። "ቅንጡ ነው፣ ሽቶ ይቀባል" እያሉ ያሳጡት ተቀናቃኙ ማርቲን ቫን ቡረን ግን የመሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ነው! የድሃው ልጅ ቅንጡ ተብሎ ተሸነፈ፤ የባለጸጋው ልጅ በጎጆ አሸነፈ። ከዚያ ሃሪሰን ጠንካራ መሆኑን ሊያሳይ በብርድ ቀን ያለ ካፖርት ቆሞ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ንግግር አደረገ። ከአንድ ወር በኋላ ሞተ። የሞቱን ምክንያት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ግን ተናጋሪ ስለሆንኩ ሰዓቴን አየሁ።

ይህ ሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። ለሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበርነት ተወዳደረ። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ነበረው። አንዱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፤ ጠዋት ከቤት አድርጎት የሚመጣው ነው። ሌላው ጥጉ የተላጠ፣ ክሩ የተበጣጠሰ አሮጌ ቡናማ። ወደ ወርክሾፑ ሰዎች ሊቀሰቅስ ሲሄድ በሩን ይዘጋና ጫማ ይቀይራል። ወደ አለቆች ሲወጣ መልሶ ይቀይራል። አንድ ቀን ሲቸኩል አንዱን ከዚያ አንዱን ከዚህ አድርጎ ወጣ! ደረጃው ላይ አየሁትና ጮክ ብዬ ልጠራው ስል ጠቀሰኝ። በሁለት ዓይነት ጫማ ወርክሾፕ ገባ። ሠራተኛው "ይሄ ምስኪን፣ ጫማ እንኳን የለውም" ብሎ አዘነለት። አሸነፈ። ይህን ዕቅድ የሚያወጣ አማካሪ የትም አይገኝም።

የእውነት ከታች የመጣ የለም እያልኩ አይደለም። የብራዚሉ ሉላ የግራ እጁን ትንሿን ጣት ያጣው በወጣትነቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። ሕዝብ ፊት እጁን ሲያወዛውዝ የሚታየው ይኼ ነው፤ ማንም አማካሪ አልሠራውም። በ2002 አሸንፎ የፕሬዚዳንትነቱን ማረጋገጫ ወረቀት ሲቀበል አለቀሰ። ዲፕሎማ የለህም እያላችሁ ስትሰድቡኝ ኖራችሁ፤ የመጀመሪያ ዲፕሎማዬ የአገሬ ፕሬዚዳንትነት ሆነ የሚል ነገር ተናገረ። የኡራጓዩ ሆሴ ሙሂካም ቤተ መንግሥቱን ትቶ እርሻው ላይ ኖረ፤ የ1987 ቮልስዋገኑን እየነዳ፣ አብዛኛውን ደመወዙን እየሰጠ። ወደ 14 ዓመት የታሰረ ሰው ነበር፤ አልጋ አይቸግረውም ነበር። ግን እናንተው ፍረዱ፤ ከሙሂካ ሥራ የምታስታውሱት የትኛውን ሕግ ነው? መኪናውን ነው አይደል? አየናችሁ!

እሺ፣ ሦስተኛው፣ እናንተም የምትጠብቁት። ጭንቅላት።

በ2001 አንድ ኢሜይል ዓለምን ዞረ። ሎቨንስታይን የተባለ ተቋም የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን የአእምሮ ደረጃ ለክቷል ይላል። ክሊንተን 182፤ ጆርጅ ቡሽ፣ ልጅየው፣ 91። ሰው እየሳቀ ለሰው ላከ። አንቱ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሳይቀር አምኖ አወጣው፤ ኋላ አስተባበለ። ተቋሙ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም! ስለ ሰው ሞኝነት የተጻፈ የውሸት ወረቀት ብልህ ነን የሚሉትን ሁሉ አሞኘ። ማን ነበር እንግዲህ ባለ 91ዱ?

ቡሽ ራሱስ? የየልና የሃርቫርድ ምሩቅ ነው። በኮነቲከት የተወለደ፣ የፕሬዚዳንት ልጅ። ለምርጫ ሊወዳደር ሲል በ1999 ቴክሳስ ውስጥ እርሻ ገዛ። ቁጥቋጦ ሲመነጥር ፎቶ ተነሳ። በ2001 የል ለምረቃ ጠርቶት ሲናገር ግሩም ነገር አለ። ለከፍተኛ ውጤት ተመራቂዎች "ደግ አደረጋችሁ" አላቸውና ዞር ብሎ፣ C ላመጣችሁት ደግሞ፣ እናንተም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆን ትችላላችሁ አለ። አዳራሹ ሳቀ። ይሄ የሞኝ ቀልድ ነው? እስቲ አስቡት። ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት የሠሩትን ስድብ ነጥቆ ኪሱ ከተተው።

ሞኝ መምሰል ሙያ ነው! ይህን በደንብ የሚያስረዳኝ ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የቦሪስ ጆንሰን ነገር ነው። ጄረሚ ቫይን የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ የሽልማት ምሽት ላይ ነው። ጆንሰን ንግግር ሊያደርግ ተጋብዟል፤ ግን የለም። አዘጋጆቹ ላብ በላብ ሆነዋል። ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጸጉሩ ቆሞ እየሮጠ ገባ። "ይሄ የምን ስብሰባ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ወረቀት ለምኖ ሁለት ሦስት ቃል ጫረ። መድረክ ወጥቶ ስለ በግ ቀለደ፣ ስለ ሻርክ ቀለደ፣ አንድ ረጅም ቀልድ ጀምሮ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ረሳት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቫይን ተገረመ፤ ሳይዘጋጅ እንዲህ የሚያስቅ! ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለፈ። ሌላ ምሽት፣ ሌላ አዳራሽ፣ እንደገና ሁለቱ ተገናኙ። ጆንሰን የለም። ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እየሮጠ ገባ። "ይሄ የምን ስብሰባ ነው?" ወረቀት ለመነ። በጉ መጣ። ሻርኩ መጣ። ያንኑ ቀልድ ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ረሳት! ሰውዬው ኢተንና ኦክስፎርድ የጥንቱን ግሪክና ላቲን የተማረ ነው። የረሳት ነገር የለም። መርሳቱን በቃሉ ያጠና ሰው ነው።

ይኸው ሰው በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ጊዜ በሽቦ ላይ ሲንሸራተት መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሁለት እጁ ሁለት ባንዲራ ይዞ፣ ሰው ከታች ፎቶ እያነሳው። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካሜሮን፣ ሌላ ፖለቲከኛ ሽቦ ላይ ቢቀር መዓት ነበር፣ ለቦሪስ ግን ድል ነው አሉ። ልክ ናቸው። የዝርክርክ ሰው ልብስ አስቀድሞ የለበሰ፣ ቢዝረከረክ ምን ይጎዳል?

የተማረ ይግዛን የሚሉ አሉ። ጥሩ። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ዶክትሬት የነበረው አንድ ዉድሮ ዊልሰን ብቻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትም ነበር። የደከመበትን የቬርሳይ ስምምነት፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የሰላም ውል፣ የገዛ አገሩ ሴኔት አላጸድቅም አለው፤ እሱም አንዲት ቃል አልለውጥም ያለ ያህል ደረቀ። ሃሪ ትሩማን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ የከፈተው የልብስ ሱቅም ከስሯል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ደህና አድርገው ያነሱታል። ቸርችል ለወታደራዊው ትምህርት ቤት ፈተና ያለፈው በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ በ1953 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ወሰደ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ የኩባንያ ኃላፊዎችን ለክቶ፣ የአእምሮ መለኪያው 120 ገደማ እስኪደርስ አለቃው በባልደረቦቹ ዓይን እየተሻለ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በላይ ግን እየወረደ እንደሚመጣ አሳይቷል። ከእኛ ትንሽ ከፍ ያለ እንፈልጋለን፤ በጣም ከፍ ያለውን አንሰማውም። እንግዲህ ልኩን ማን ሰጠ?

ዝም ማለትም አለ፤ ዝም አይነቅዝም። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በዝምታው የታወቀ ነበር። አንዲት ሴት ግብዣ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ከሁለት ቃል በላይ አናግርሃለሁ ብዬ ተወራርጃለሁ አለችው። "ተበላሽ" አላት ይባላል። ሬገን ደግሞ በ1984 ዕድሜው 73 ደርሶ "ለዚህ ሥራ አላረጀህም ወይ" ሲሉት፣ የተቀናቃኜን ልጅነትና ልምድ ማጣት ለፖለቲካ ጥቅም አላውለውም ብሎ መለሰ። ተቀናቃኙ ሞንዴል ራሱ ሳቀ። ሬገን ከ50 ግዛት 49ኙን ወሰደ።

መጨረሻዬ ጄራልድ ፎርድ ነው። እሱን በጣም ነው የምወደው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከብ ነበር፤ ትልልቅ ክለቦች እናስፈርምህ ብለውት ትቷቸው የል ሕግ ተማረ። ከፕሬዚዳንቶቹ መሃል እንደ እሱ ስፖርተኛ ፈልጋችሁ አምጡ። በ1975 ኦስትሪያ፣ ሳልዝበርግ ሲደርስ ዝናብ ነበር። ከአውሮፕላን ሲወርድ ደረጃው አንሸራተተውና ወደቀ። አበቃ! ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ምድር የወደቀ ነገር ሁሉ ፎርድ ነው። ቼቪ ቼዝ የሚባል ኮሜዲያን በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ እሱን ሆኖ ይወድቃል። መሰላል ይዞ ይወድቃል፤ የገና ዛፍ ይዞ ይወድቃል። አይመስለውም፣ ድምፁንም አይቀዳም፤ ዝም ብሎ ይወድቃል። ሕዝቡ ደግሞ ያምናል።

በማርች 1976 የጋዜጠኞች እራት ግብዣ ላይ ሁለቱም ተጋበዙ። መጀመሪያ ቼዝ ተነስቶ እንደለመደው ወደቀ፣ ተንገዳገደ፣ አዳራሹ ሳቀ። ተራው የፎርድ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ከወንበሩ ሲነሳ የጠረጴዛው ጨርቅ አብሮት ተነሳ። ሹካው፣ ማንኪያው፣ ሳህኑ መሬት ወረደ። የንግግሩን ወረቀት ሊያስቀምጥ ሲል ገጾቹ በሙሉ በአየር ላይ ተበተኑ። ሁሉም ዝግጅት ነበር፤ ገጾቹ ባዶ ነበሩ። ቼዝ ከራሱ የባሰ ቼዝ አየ። አዳራሹ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ።

በኖቬምበር ግን ምርጫውን ተሸነፈ።

አሁን ማይኩ ይዞራል። ጥያቄ ጠይቁኝ፤ ንግግር አታድርጉ፣ እሱ ተራ የኔ ነበር። አመሰግናለሁ!